ከድንበሩ ጀምሩ፦ በገበሬ ማሳ ላይ የዱር እንስሳትን መጠለያ ለመመለስ

ልጅ ሆኜ ክረምት ሊወጣ ሲል ጠዋት የሚቀሰቅሰን የቆቅ ጩኸት ነበር። በአጎቴ ማሳና በጎረቤቱ ማሳ መካከል ሁለት ሜትር የማይሞላ ቁጥቋጦ ነበረ። ቀጋ፣ አጋም፣ መሐሉ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ። ቆቋ የምትፈለፍለው እዚያ ነው። በኋላ ቦታው ጤፍ ተዘራበት። ከዚህም ከዚያም በየዓመቱ አንድ አንድ ፈር እየተገፋ፣ ድንበሩ የድንጋይ ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። ወይራው ለማገዶ ሄደ።

ይህን ያደረገ ክፉ ሰው የለም። መሬቱ ለልጅ ሲካፈል ጠበበ። የማዳበሪያ ዋጋ ናረ። ሰው ያለችውን ጥግ ሁሉ አረሰ። ጅግራው፣ ጥንቸሉ፣ ሚዳቋው፣ አነሩ ደግሞ ከሰው ጋር የኖሩት በዚያች ጥግ ነበር። ጥጓ ስታልቅ እነሱም አለቁ።

ይህን የምጽፈው ገጠር መሬት ያለው አባት፣ አጎት ወይም አክስት ላላችሁ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የገጠር መምህራንም ትጠቀሙበታላችሁ። እኔ የማውቀው ደጋና ወይና ደጋውን ነው፤ በበሬ የሚታረሰውን፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ኑግ የሚዘራበትን አገር። ከብዙ ስህተት በኋላ የገባኝ ነገር አንድ ነው። ሥራው ከድንበሩ መጀመር አለበት። ለገበሬው በጣም ትንሽ የሚያስከፍለው እሱ ነው። ድንበሩ እንዲከበር የሚፈልግበት የራሱ ምክንያትም አለው።

1. ከመናገራችሁ በፊት ዙሩ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ደብተርና እርሳስ ያዙ። ማሳውን በእግራችሁ ዙሩና በወፍ በረር ሳሉት። የተረፈ ቁጥቋጦ የት አለ? ብቻውን የቆመ ዛፍ? ቦረቦር? ጨፌ? የድንጋይ ክምር? እርከን? እያንዳንዷን ምልክት አድርጉባት።

ከዚያ አንዱ ጥግ ላይ ሩብ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የምሬን ነው፤ ይህን አትዝለሉት። እኔ አንድ ቀን አንድ የድንጋይ ክምር አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ገበሬው ከማሳው ለቅሞ የጣለው ድንጋይ ነው፤ ከጉልበት አይበልጥም። መጀመሪያ ምንም የለም። ፀሐይ ስትነካው እንሽላሊት ወጣች። ከታች ከድንጋዩ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ንብ የመሰለች ነገር ትገባለች ትወጣለች። አንዲት ትንሽ ወፍ አባጨጓሬ በአፏ ይዛ መጥታ፣ እኔን ስታይ ድንጋዩ ላይ ቆመች። እስክነሳ ድረስ አልገባችም። ጎጆዋ እዚያው ውስጥ ነበር። ያን ክምር ገበሬው በሚቀጥለው ሳምንት ሊያነሳው አስቦ ነበር።

ስትመለሱ ሽማግሌ ፈልጉና «ድሮ እዚህ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የዛፉንም የአውሬውንም ስም ሰዎቹ በሚጠሩበት ስም ጻፉ። የምትመልሱትን ነገር ከዚህ ታውቃላችሁ።

2. ደብተሩ የማን ነው?

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ባለይዞታ ነው። ግን የይዞታ ደብተሩ ያለው ሰውና ሞፈሩን የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን በእኩል፣ ምርቱን ለመካፈል፣ ትሰጣለች። ከተማ የገባ ልጅ የአባቱን ድርሻ ያከራያል። የእኩል አራሽ ደግሞ ለከርሞ እዚያ መሬት ላይ እንደሚሆን አያውቅም። ዛፍ ቢተው ምን ያገኛል?

እኔ ይህን ሳልጠይቅ ከአራሹ ጋር ብቻ ተስማምቼ 40 ችግኝ ተከልሁ። በዓመቱ መሬቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አዲሱ አራሽ ማንም አልነገረውምና ችግኞቹን ከአረም ጋር ገለበጣቸው። እሱ ላይ ማዘን አልችልም። ባለይዞታውንና አራሹን አንድ ላይ አስቀምጡ። የእኩል ውሉ ላይ «ድንበሩ አይነካም» የምትል መስመር አስገቡ። ባለይዞታዋ ሴት ከሆነች በወኪል አትነጋገሩ፤ እሷን ራሷን አነጋግሩ። እንዶዱና ዳማ ከሴው የት እንደሚገኝ፣ ጭራሮው ከየት እንደሚለቀም ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

3. ወሬውን ከአውሬ አትጀምሩ

ይኸኛው ክፍል ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። እኔም ወድቄያለሁ።

መጀመሪያ ጊዜ አጎቴን «ጋሼ፣ አራዊቱ እየጠፉ ነው፤ ትንሽ መሬት እንተውላቸው» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ። «ልጄ፣ በቆሎዬን ጃርት ሲጨርሰው ሌሊት የጠበቅሁት እኔ ነኝ። አንተ ከተማ ነበርህ» አለኝ። ልክ ነው። እሱ የከፈለውን ዋጋ ሳልጠይቅ ሌላ ዋጋ ልጨምርበት ነው የሄድሁት።

በዓመቱ በሌላ በኩል ገባሁ። «ጋሼ፣ ያ ከጎረቤት ጋር የነበረው የድንበር ነገር አለቀ?» አልሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኝ። አላለቀም ነበር። ሁለት ጊዜ ሽምግልና ተቀምጠዋል፤ አንድ ጊዜ ወረዳ ፍርድ ቤት ደርሰዋል። የድንጋይ ምልክት ሌሊት ይነቀላል። ዛፍና ሥር የሰደደ ቀጋ ግን በአንድ ሌሊት አይነቀልም። ይህን የተናገረው ራሱ ነው። እኔ «እንግዲያውስ እናብቅለዋ!» ብቻ አልሁ።

የእናንተ ዘመድ የድንበር ጭቅጭቅ ላይኖረው ይችላል። ሌሎች መግቢያዎችም አሉ።

ኑግ ይዘራል? ኑግ ያለ ንብ በደንብ አያፈራም። አበባው ከሌላ የኑግ ተክል የአበባ ዱቄት ይፈልጋል፤ ያንን የሚያመጣው ንብ ነው። ንብ ደግሞ ኑጉ ከማበቡ በፊትና በኋላ የምትበላው ያስፈልጋታል። ያ ያለው ዳር ላይ ነው፤ አደይ አበባው፣ መቹ፣ ግራዋው፣ ብሳናው። ቀፎ ካለው ነገሩ በቃ አለቀ፤ እሱ ራሱ ያስረዳችኋል።

አይጥ አስቸግሮታል? አይጥን የምትበላዋ ጉጉት የምታርፍበት ያረጀ ዛፍ ትፈልጋለች። እዚህ ላይ በጥንቃቄ ሂዱ። በብዙ ቦታ ጉጉት ከጮኸች ሰው ይሞታል ይባላል፤ ልጆችም በድንጋይ ያባርሯታል። እምነቱን ፊት ለፊት አትንቀፉ። ጎተራው አጠገብ ስንት አይጥ እንደምትይዝ አብራችሁ እዩ።

የከብት መኖ ያጥረዋል? ድንበሩ ላይ የሚበቅለው ሣር ታጭዶ ለላሟ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ያልተጨበጠ ገንዘብ ተስፋ አትስጡ። «ፕሮጀክት ይመጣል» አትበሉ። የማይመጣ ፕሮጀክት የጠበቀ ገበሬ ሁለተኛ አይሰማችሁም። ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ ገንዘብ የምትልኩ ደግሞ፣ የምትልኩት ለባሕር ዛፍ ችግኝ ከሆነ ግማሹን ለቀፎና ለአጥር አድርጉት።

4. ከጎረቤት ጋር ለኩ

ድንበር ላይ ብቻችሁን አትትከሉ። ጠብ ይሆናል። ሁለቱ ጎረቤታሞች፣ ሁለት ሽማግሌ፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባል ይገኙ። ገመድና ካስማ ይዛችሁ ምልክቱን አብራችሁ አድሱ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ሜትር ይተው።

ሒሳቡን ለገበሬው እዚያው መሬት ላይ አሳዩት። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ግድም ነው። ካሬ ነው ብንል እያንዳንዱ ጎን 50 ሜትር ይሆናል። በአንድ ጎን አንድ ሜትር ሲተው 50 ካሬ ሜትር ይሄዳል፤ ከ100 እጅ ሁለት እጅ ማለት ነው። አራቱንም ጎን ቢተው ግን ወደ 8 እጅ ይጠጋል። ይህን ያህል አትጠይቁ፤ ጥማድ ተኩል ላለው ሰው ከባድ ነው። አንድ ጎን ይበቃል። ያውም በሬው የሚዞርበትን፣ ድንጋይ የበዛበትን፣ ድሮም ምርት የማይሰጠውን ጎን ራሱ ይምረጥ።

እርከን ካለ ደግሞ አዲስ መሬት መጠየቅ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በተፋሰስ ሥራ የተሠራ ስንትና ስንት እርከን አለ፤ ባዶውን ነው የቆመው። በዝናብ ይናዳል፤ በእርሻ ይበላል። በሣርና በቁጥቋጦ ሲያዝ እርከኑም ይቆማል፣ ቆቋም ትደበቅበታለች።

5. ያለውን ተዉ፣ ከዚያ ትከሉ

ችግኝ ከማሰባችሁ በፊት በሕይወት ያለውን አትርፉ። ያረጀ ዋርካ ወይም ሾላ በመቶ ችግኝ አይተካም። ፍሬው ወፉንም ጦጣውንም ይመግባል፤ የበሰበሰ ጉድጓዱ ለጉጉትና ለንብ ቤት ነው። ቦረቦሩንና የወንዙን ዳር አትረሱ፤ ለማረስ የማይመች ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። ገደላማ መሬት ካለ ሕጉም ያግዛችኋል። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንጂ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። እንዲህ ያለው መሬት ቢታረስም አፈሩ በጥቂት ክረምት ይሄዳል።

የሚተከለው እንደ ቦታው ነው። ድንበር ላይ ቀጋ፣ አጋም፣ ኮሽም፣ ሰንሰል። ሰንሰል ተቆርጦ ሲተከል ይይዛል፤ ከብትም ብዙ አይነካውም። ማሳ መሐል ብሳናና ዋንዛ። ሞቅ ባለው አገር ደግሞ ቅጠሉን በክረምት የሚያራግፈው የግራር ዓይነት አለ፤ በሞጆና በቢሾፍቱ ዙሪያ ማሳ ላይ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። ሰብሉ ሲያድግ ጥላ አይጥልበትም፤ በበጋ ፍሬው መኖ ነው፤ አፈሩንም ያለማል። ወንዝ ዳር ዶቅማና ሾላ። ደጋ ላይ ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ፣ ኮርች።

ወይራ ለብቻው ሜዳ ላይ ሲተከል ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ቁጥቋጦ ሥር ትከሉት። በተፈጥሮም የሚበቅለው እንደዚያ ነው፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ቁጥቋጦ ላይ ታርፋለች፣ ዘሩ እዚያው ይወድቃል፣ ቁጥቋጦው ከፀሐይና ከፍየል ይጋርደዋል። ስለዚህ ችግኝ ለመትከል ብላችሁ ቀጋውን አትመንጥሩ።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ፤ ተከላው አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ይሁን። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀዳችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት። በዘመቻ ተከላ ላይ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ስንት ችግኝ በእጄ አውጥቻለሁ! ሥሩ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ሞቷል። አፈሩን በእግር ጠቅጥቁ፤ ዙሪያውን እሾህ አጥሩ።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ገበሬውን አትውቀሱ። ለብዙ ቤተሰብ የባንክ ደብተር ነው፤ ልጅ ይድርበታል፣ ቤት ይሠራበታል። ከወንዝ ዳር፣ ከምንጭ ራስና ከድንበር ይራቅ። ይህን ብቻ ጠይቁ። ዋንዛ ስትተክሉ ግን ሲደርስ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ጠይቁና ለገበሬው ንገሩት። የራሱን ዛፍ መጠቀም እንደማይችል የሚጠረጥር ሰው ችግኙን ገና በጣት ቁመቱ ይነቅለዋል።

6. ከብቱ

መኸር ተሰብስቦ ከብት ሲለቀቅ የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት እሾህ አጥር የግድ ነው። ሣሩ እየታጨደ ለከብት ይሰጥ፤ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይታጨድ። ዘንድሮ ግማሹን፣ ለከርሞ ሌላውን። የሚተወው ግማሽ ለሚፈለፍለው መደበቂያ ነው። በበጋ ዳሩን ማቃጠልም ይቅር።

አንድ ሰው ብቻውን ከብት ማቆም አይችልም። ነገሩ ወደ ዕድሩና ወደ ቀበሌው መምጣት አለበት። እዚህ ላይ የመንዝ ጓሳን ታሪክ ንገሯቸው፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው፣ ሩቅ አገር አይደለም። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሣር ምድሩን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። ቦታው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ጓሳ የሚባለው ሣር ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድ ያጭዳል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። በኋላ ኅብረተሰቡ በኮሚቴና በውስጠ ደንብ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እዚያ አሉ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ የገብስ እርሻ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኖሪያቸው ይጠባል። የሚጠብቃቸው ደንብ መጀመሪያ የወጣው ለሣር ነበር።

7. መርጫው

ፀረ አረም ሲረጭ የመጨረሻው ፈር ላይ ይቁም፤ ዳሩን አይንካ። ቱ ፎር ዲ የሚባለው ፀረ አረም ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ስለሚገድል የንቧን አበባ ይጨርሳል። ፀረ ተባይ ደግሞ አበባ ባለበት ሰብል ላይ አይረጭ። የግድ ከሆነ ንብ ከገባች በኋላ፣ ወደ ማታ፣ ነፋስ በሌለበት። ቀፎ ያለው ጎረቤት በዋዜማው ይነገረው። መርጫው ወንዝ ውስጥ አይታጠብ፤ ባዶ ዕቃው ውኃ አይቀዳበት።

ለጅብ ተብሎ ጥምብ ላይ መርዝ የሚያደርግ ሰው ካለ ለምኑት። ያን ሥጋ ጥንብ አንሳው ይበላል፣ ውሻውም ይበላል፤ ሰፈሩ በሙሉ በሬሳ ይሞላል።

8. ጃርቱና ዝንጀሮውስ?

ይህን ጥያቄ አትሽሹት። የዱር እንስሳ ሰብል ይበላል። ጃርትና ከርከሮ ድንችና በቆሎ ያጠፋሉ፤ ዝንጀሮና ጦጣ ደግሞ የቀን ሌቦች ናቸው። ስለዚህ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ በቆሎና ድንች ከሚዘራበት ጎን አታድርጉ። ማሳው ገደል ወይም ጫካ የሚያዋስን ከሆነ በዚያ በኩል ዳሩን ዝቅ ያለ ሣር ብቻ አድርጉት፤ ዝንጀሮው ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። በርበሬ ወደ ዳር፣ በቆሎው ወደ ቤት ይጠጋ። ከጉዳቱ በኋላ ገበሬው ቢናደድ አብራችሁ ተቀመጡና ምን ያህል እንደጠፋ ለኩ። ዳሩን ማስተካከል ካስፈለገም አስተካክሉ።

9. አገናኙት

ለብቻዋ የቀረች ጥግ ለንብና ለትንሽ ወፍ ትበቃለች። ለሚዳቋና ለአነር አትበቃም። የሥዕላችሁን ወረቀት አውጡና የሚቀርበውን ደን ፈልጉ። በብዙ ቦታ ይህ ደን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ከማሳው እስከዚያ ያሉት ባለይዞታዎች ስንት ናቸው? አራት ከሆኑ አራቱን አንድ በአንድ አነጋግሩ።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ የደን ሳይንቲስቱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር የሠሩት ሥራ ብዙ ያስተምራል። በዠራና በደብረ ሰና በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተካበ። ድንጋዩ የመጣው በዙሪያው ካለው ማሳ ነው። ከብት ወደ ደኑ መግባት አቆመ፤ ገበሬውም ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት። ሁለቱም ወገን በአንድ ሥራ ተጠቀመ። ድንጋይ የበዛበት አገር ካላችሁ ከቄሰ ገበዙ ጋር ይህንን አንሱ።

10. ጻፉት

ለቤቱ ልጅ አንድ ደብተር ግዙለት። ቀን፣ ቦታ፣ የታየው ወይም የተሰማው፣ ስንት እንደሆነ። ሌላ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ዓመት ጉንዳን፣ ንብና ቢራቢሮ ነው የሚጻፈው፤ ገበሬው «ይኸው ነው?» ቢላችሁ አትደንግጡ። በሁለተኛው ትንንሽ ወፎች ይመጣሉ። ቀጋው ሲጠላለፍ ሌላው ይከተላል። የደረቀ ችግኝ ካለ በዚያው ደብተር ላይ ይመዝገብና ሐምሌ ላይ ይተካ።

የአጎቴን ድንበር ደብተር የያዘችው ስምንተኛ ክፍል ያለች ልጁ ናት። በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ አንዱን ገጽ በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «መስከረም 9። የሽምብራ እርሻ። ቆቅ ከቀጋው ሥር ወጣች። እንቁላል 6። አባባ በሬዎቹን መለሳቸው።»